«መጀመሪያ ኩባንያ አቋቁም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ይህን ጽሑፍ በሦስት ቀን ውስጥ ሰባት ሰው ላከልኝ። ስድስቱን በዝምታ አለፍኳቸው። ሰባተኛዋ የእህቴ ልጅ ነበረች። የልጆች ልብስ ሰፍታ መሸጥ ልትጀምር ነው። ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ? ኩባንያ ሳላቋቁም አንድ ቀሚስ እንኳን መሸጥ የለብኝም?» ብላ ጽፋለች። ለእሷ ሁለት መስመር ልመልስ ተቀምጬ ነው ይሄ ሁሉ የወጣው።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ያላሉትን አፋቸው ውስጥ ከትቼ መሟገት አልፈልግም። እንደ እሳቸው አባባል በራስ ስም መነገድ፣ ማለትም ግለሰብ ነጋዴ መሆን፣ የጨዋታ ሥራ ነው፤ ቁም ነገረኛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ኩባንያ ያቋቁማል። ምክንያታቸው አምስት ነው። አንድ፣ ኩባንያ ካለህ ንግዱ ቢከስርም ቤትህን ማንም አይነካብህም። ሁለት፣ ኩባንያ የሚከፍለው ግብር ያንሳል። ሦስት፣ ባንክም ደንበኛም የሚያምነው ኩባንያን ነው። አራት፣ ከጓደኛህ ጋር ከሆነ ሃምሳ በሃምሳ ተካፈሉ፣ ፍትሐዊው እሱ ነው፤ መመሥረቻ ጽሑፉንም ከሌላ ድርጅት ወስዶ ስም መቀየር ይበቃል። አምስት፣ አንዴ የያዝከውን መቀየር ስለማይቻል በጠዋቱ ትልቁን ምረጥ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፤ ሰው የተቀባበለው ያለ ምክንያት አይደለም። የንግዱን ገንዘብ ከቤት ገንዘብ ለዩ የሚለው ክፍሉ ላይ አንዲት ነጥብ የምጨምርበት የለኝም። የቀረው ላይ ግን አለኝ።

ኩባንያ ስል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ማለቴ ነው፣ ብዙዎቻችን ፒኤልሲ የምንለውን። ስሙም ዝርዝሩም ከአገር አገር ይለያያል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ሕጉ ንግዱን ራሱን እንደ አንድ ሰው ይቆጥረዋል። የራሱ ንብረትና የራሱ ዕዳ አለው፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ባለቤቱ የሚያጣው ያዋጣውን ብቻ ነው። ግለሰብ ነጋዴ ስትሆኑ ግን እናንተና ንግዱ አንድ ናችሁ። የሱቁ ዕዳ የእናንተ ዕዳ ነው።

እንግዲህ «ቤትህን ማንም አይነካብህም» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ሐሳቡ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የታወቀው ፍርድ ለጸሐፊው የሚያግዝ ነው። አሮን ሳሎሞን የሚባል እንግሊዝ አገር የነበረ የቦት ጫማ አምራች በ1892 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስሙ ይሠራበት የነበረውን ንግድ ወደ ኩባንያ ቀየረ። የዚያ ጊዜው ሕግ ሰባት ባለ አክሲዮን ይፈልግ ስለነበር ሚስቱንና አምስት ልጆቹን አስገባ፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ አክሲዮን፣ ለራሱ 20,001። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። የወደቀውን ኩባንያ ሒሳብ ለመዝጋት የተሾመው አጣሪ «ይሄ ኩባንያ ሳሎሞን ራሱ ነው፣ ዕዳውን እሱ ይክፈል» አለ። ክርክሩ ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ደረሰና በ1896 ኩባንያው ሌላ ሰው፣ ሳሎሞንም ሌላ ሰው ነው ተብሎ ተፈረደ። በዱቤ ዕቃ የሰጡት ነጋዴዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አበዳሪ ግን ሞኝ አይደለም። ዛሬ ገና የተቋቋመ ትንሽ ኩባንያ ብድር ልጠይቅ ብሎ ሲሄድ፣ ከማመልከቻው ጋር የሚሰጠው ወረቀት አለ፦ የባለቤቱ የግል ዋስትና። ኩባንያው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ የሚል። ቤት አከራይም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ያስፈርማል። እስቲ አስቡት፣ የአንድ ትንሽ ንግድ ትልልቆቹ ዕዳ ጠያቂዎች እነማን ናቸው? ባንኩና አከራዩ። ሁለቱም በፊርማችሁ የኩባንያውን ጋሻ አልፈው ገብተዋል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከጓደኛዬ ጋር የኅትመት ሥራ ጀምረን ነበር። ኩባንያ ነበረን፣ ማኅተም ነበረን፣ አርማ ያለው ደብዳቤ ነበረን፣ በአጭሩ ከደንበኛ በስተቀር ሁሉም ነገር ነበረን። ማሽን ለመግዛት ብድር ወሰድን። ባንኩ ካቀረበልን የወረቀት ክምር አንዱ የግል ዋስትና ነበር። አላነበብኩትም ብል ውሸት ነው። አንብቤዋለሁ፣ ግን «ኩባንያ አለን አይደል እንዴ፣ ይሄ ለፎርማሊቲ ነው» ብዬ ፈረምኩ። በሦስተኛው ዓመት ሥራው ቆመ፣ ኩባንያው ተዘጋ፣ ዕዳው ግን ቤቴ ድረስ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ ከፈልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ባንኩን አልወቅስም፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ይህን የጸሐፊውን ዓይነት ምክር ነበር በልቤ ይዤ የሄድኩት።

ሌላው ቀዳዳ በራስ እጅ የሚደርስ ጉዳት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገመድ አሳስቶ አገናኝቶ የሰው ቤት ቢቃጠል፣ ኩባንያ ስላለው ብቻ በግሉ ከመጠየቅ አይድንም። ያጠፋው እጅ የራሱ ነው። ኩባንያው የሚጠቅመው ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ የሸሪኩ ወይም የቀጠረው ሠራተኛ። ስለዚህ አሥር ሰው ለቀጠረ ሰው ጥቅሙ ብዙ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን ከሚወራው በጣም ያነሰ ነው። እሱን የሚያድነው ኢንሹራንስ ነው። በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ኢንሹራንስ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳን የለም፤ ፈልጌ አጣሁት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ያሉት አባቶች ከዚህ ይሻሉ ነበር።

ከሠራተኛ ደሞዝ ተቀንሶ ለመንግሥት ያልገባ ግብርም አለ። ይህ ገንዘብ የኩባንያው ሳይሆን የሌላ ሰው አደራ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አገሮች ኩባንያውን አልፈው ያዘዘውን ሰው ይይዛሉ። አሜሪካ ውስጥ እያወቀ ያላስገባ ኃላፊ የሚጣልበት ቅጣት ካልገባው ገንዘብ ጋር እኩል ነው፣ 100 በመቶ። ንግድ ሲጨንቅ ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚያዘገየው ይህንኑ ክፍያ ነው፣ «በሚቀጥለው ወር አስገባዋለሁ» እየተባለ። ከዚህ ላይ በኩባንያው ሒሳብ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል፣ በግል ሒሳቡ የኩባንያውን ሽያጭ የሚቀበል ሰው ይጨመር። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ «አንተ ራስህ ያልለየኸውን እኛ ለምን እንለይልህ?» ሊባል ይችላል። ዳኞች ይህን በቀላሉ አያደርጉትም፣ እውነት ነው። ግን ያደርጉታል።

ስለዚህ ጸሐፊው እውነቱን ይዘዋል፣ ግማሹን ግን በኪሳቸው አስቀርተውታል።

ወደ ግብሩ ልሂድ። «ኩባንያ የሚከፍለው ግብር ያንሳል።» ከማን ያንሳል? ስንት አትርፎ? ትርፉን ምን ሊያደርገው? እነዚህ ሳይመለሱ አባባሉ ምንም አይነግረንም። ጸሐፊው ያወዳደሩት የግለሰብ ነጋዴን ከፍተኛ የግብር መጣኔ ከኩባንያው ነጠላ መጣኔ ጋር ነው። ያ ከፍተኛ መጣኔ ግን የሚያርፈው በገቢው የላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ገቢ በዝቅተኛ መጣኔ ነው የሚሰላው፣ በብዙ አገር የመጀመሪያው ክፍል ጭራሽ ከግብር ነፃ ነው። ኩባንያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ ይከፍላል።

ደግሞ ሁለተኛ በር አለ። ገንዘቡ የኩባንያው እንጂ የእናንተ አይደለም ብለናል፤ ወደ ቤት ለመውሰድ እንደ ትርፍ ድርሻ መከፋፈል አለበት፣ እሱም ግብር አለው። ለስሌት ያህል የኩባንያው ግብር 25 በመቶ፣ የትርፍ ድርሻው 10 በመቶ ይሁን። ከ100 ትርፍ 75 ይቀራል። ከ75ቱ 7.50 ይሄዳል። እጃችሁ የሚገባው 67.50 ነው። ማስታወቂያው ላይ 25 የነበረው ግብር ቤት ሲደርስ 32.50 ሆኗል። እርግጥ ባለቤቱ ከኩባንያው ለራሱ ደሞዝ ሊቆርጥ ይችላል፣ ያ ደሞዝ እንደ ወጪ ይያዛል። ግን ደሞዙም በፊናው ግብር አለበት። ኪሳራም አለ፦ ብዙ አዲስ ንግድ የመጀመሪያውን ዓመት በኪሳራ ነው የሚያልፈው። አንዳንድ አገሮች ግለሰብ ነጋዴ ኪሳራውን ከሌላ ገቢው ላይ እንዲያቀናንስ ይፈቅዳሉ፣ የኩባንያው ኪሳራ ግን እዚያው ኩባንያው ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነጥብ ልስጥ፣ ይገባቸዋል። ትርፉን ሳያወጣ ለማሽን፣ ለዕቃ፣ ለማስፋፊያ የሚያውለው ሰው በኩባንያ ሊጠቀም ይችላል፣ ሁለተኛውን በር ገና አላንኳኳም። የጻፉትን «ትርፍህን ንግዱ ውስጥ የምታስቀር ከሆነ» ብለው ቢጀምሩት ኖሮ ይህን አንቀጽ አልጽፈውም ነበር።

በነገራችን ላይ የሕግ ቅርጽና የግብር አያያዝ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አሜሪካ ውስጥ ኤልኤልሲ የሚባለውን የባለቤቱ ኃላፊነት የተወሰነበት ቅርጽ መጀመሪያ ያወጣችው ዋዮሚንግ ናት፣ በ1977። ዛሬ አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ኤልኤልሲ ሌላ ካልመረጠ ለፌዴራል ገቢ ግብር ሲባል እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ትርፉ በቀጥታ በባለቤቱ ላይ ይሰላል። ጋሻው አለ፣ የግብሩ ለውጥ ግን የለም። ይህን ሳያውቅ «ግብር ልቀንስ» ብሎ የሚከፍት ሰው ያተረፈው የመዝገብ ሥራ ነው።

«ባንክም ደንበኛም የሚያምነው ኩባንያን ነው» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የባንኩን ነገር አይተናል። ኩባንያውን አምኖ ቢሆን ኖሮ የእኔን ፊርማ ምን ሊያደርገው? ከደንበኛ ወገን ደግሞ ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፦ ትልልቅ ድርጅቶችና የመንግሥት ጨረታዎች አንዳንዴ ከኩባንያ ጋር ብቻ ነው የምንሠራው ይላሉ። ዋና ገበያችሁ እዚያ ከሆነ ክርክሩ አለቀ፣ ኩባንያ አቋቁሙ። ሰፈር ውስጥ ጫማ የሚያሠራ ሰው ግን በር ላይ ቆሞ «ኃላፊነታችሁ የተወሰነ ነው ወይስ ያልተወሰነ?» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እንዲያውም ነገሩን ገልብጦ ማየት ይቻላል። በ1869 የተመሠረተው ጎልድማን ሳክስ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ እስከ 1999 ድረስ በሽርክና ነው የቆየው፣ እና የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ገንዘባቸውን ያማክሩት ነበር። የለንደኑ ሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያ ደግሞ ስሙን የገነባው ኃላፊነታቸው ባልተወሰነ ግለሰቦች ነው። «ያለኝን ሁሉ አስይዤያለሁ» የሚል ሰው ቃሉ ይታመናል። ይህንን ስል ግን የታሪኩን ሌላ ግማሽ እኔም በኪሴ አላስቀርም። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሎይድስ ላይ ከባድ ኪሳራ ሲመጣ ከእነዚያ ግለሰቦች ብዙዎቹ ያላቸውን ሁሉ አጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ኃላፊነታቸው የተወሰነ ኩባንያዎች በአባልነት እንዲገቡ የተፈቀደው። እምነቱ ነበረ፣ ዋጋውም ነበረ። ትልቅ አደጋ ያለበት ሥራ ውስጥ ያለ ሰው በራሱ ስም ይነግድ የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም።

አሁን ወደ ሃምሳ በሃምሳው። በእውነቱ ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም በጣም ደስ የሚል ምክር ነው። እኩል ተካፈሉ። ማን እኩልነትን ይጠላል?

እንግሊዝ አገር ዋይንበርግና ሮትማን የሚባሉ ሁለት የትምባሆ ነጋዴዎች ነበሩ። ንግዳቸውን አዋሕደው የኒጄ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ፣ ድምፃቸው እኩል። ብዙም ሳይቆይ ተጣሉ። አንዱ ሌላውን በማጭበርበር ከሰሰ። መነጋገር አቆሙ፤ አንድ ቢሮ ውስጥ እየዋሉ መልእክት የሚለዋወጡት በድርጅቱ ጸሐፊ በኩል ነበር። የሚገርመው ኩባንያው ጥሩ እያተረፈ ነበር። ቢሆንም አንዱ የሚለውን ሌላው ስለሚሽረው፣ የሚለያቸው ሦስተኛ ድምፅም ስላልነበረ፣ በ1916 ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ይፍረስ አለ። ያልከሰረ፣ ደንበኛ ያልጎደለበት ንግድ።

ታዲያ 51 በ49 ይሁን ወይ? እሱም ችግር አለው፣ ባለ 49ኙ ድምፁ ለጌጥ ይሆናል። ጸሐፊው «እኩል ያልሆነ ሽርክና ቂም ይወልዳል» ያሉት ተራ ነገር አይደለም። እኔ የምለው ቁጥሩ ሃምሳም ይሁን ሌላ፣ ስትጣሉ ምን እንደሚሆን ሳትጣሉ ጻፉት ነው። የትኛውን ውሳኔ ማን ብቻውን ይወስናል? ካልተስማማችሁ ማን ይዳኛችኋል? አንዱ መውጣት ሲፈልግ ድርሻው በስንት ይገመታል? ለዚህ የመጨረሻው ልጆች እንኳን የሚያውቁት ዘዴ አለ፣ አንዱ ይቆርሳል ሌላው ይመርጣል። አንደኛው ዋጋ ይጠራል፣ ሌላኛው በዚያው ዋጋ ይሸጥለታል ወይም ይገዛዋል። ዋጋ ጠሪው የትኛው ወገን ላይ እንደሚቆም ስለማያውቅ ዋጋውን አያዛባም። አንዱ ወገን ብዙ ገንዘብ ሌላው ባዶ ኪስ ካለው ግን ይሄም ያዳላል፤ ያኔ ገማች መሰየም ይሻላል። ድርሻውም በአንድ ቀን ከሚሰጥ በሥራ ዘመን እየተገኘ ቢሄድ ይመረጣል፣ አለዚያ በስድስተኛው ወር ውጭ አገር የሄደ ጓደኛችሁ እድሜ ልክ የግማሹ ባለቤት ሆኖ ይኖራል።

አንዳንዱ ሰው «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል» ይላል። ወረቀት ባትጽፉም ሕጉ ይጽፍላችኋል፣ ያውም ሳይጠይቃችሁ። እንግሊዝ በ1890 ያወጣችውና አሁንም የሚሠራው የሽርክና ሕግ ለትርፍ ብለው ንግድን በጋራ የሚሠሩ ሰዎችን፣ ባይመዘገቡም ባይፈራረሙም፣ ሸሪኮች ይላቸዋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ትርፉ እኩል ነው፣ አንዱ ገንዘቡን ሌላው ሐሳቡን ብቻ ያመጣ ቢሆንም። ኪሳራውም እንደዚያው። ከሽርክናው ውጭ ላለ ሰው ለሚከፈል ዕዳ ደግሞ ሸሪክ ጓደኛው የፈረመውንም ይጠየቃል። ተመሳሳይ ድንጋጌ ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ምንም ቅርጽ አልመረጥንም» የሚባል ነገር የለም፤ ያልመረጠ ሰው ከሁሉም የከበደው ደርሶታል።

መመሥረቻ ጽሑፍ ከሌላ ድርጅት መቅዳትን በተመለከተ የማቀርበው ማስረጃ የራሴ ነው። የኅትመት ቤታችን መተዳደሪያ ደንብ ስለ ተሽከርካሪዎች ስምሪት የሚናገር ሙሉ አንቀጽ ነበረው። አንድም መኪና አልነበረንም። የሳቅንበት ግን ጓደኛዬ ልውጣ እስኪል ድረስ ነው። ስለ ሸሪክ መውጣት የሚናገረው ቦታ ላይ ለቦርዱ ይቀርባል ይላል፣ ቦርድ ደግሞ የለንም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፣ ቁጥር ለመሙላት ብቻ ዘመድን በስም ሸሪክ ማድረግ። ሳሎሞን ልጆቹን ያስገባው ሕጉ ስላስገደደው ነው። ዛሬ ብዙ አገር ያ ግዴታ የለም። ፈረንሳይ በ1985 ባለ አንድ ሰው ኩባንያን ፈቀደች፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1989 መመሪያ አወጣበት፣ ሕንድ በ2013፣ ኢትዮጵያም በ2021 በወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243። ብቻችሁን ከሆናችሁ ብቻችሁን መመዝገብ የሚቻል መሆኑን አጣሩ። ለይስሙላ የገባች አክስት ስትሞት ድርሻዋ ለወራሾቿ ነው የሚተላለፈው፤ ወራሾቹ ደግሞ ይስሙላ መሆኑን አያውቁም።

የመጨረሻው፣ «መቀየር ስለማይቻል ትልቁን ምረጥ»። መቀየር ይቻላል። ሳሎሞን ራሱ በስሙ ለዓመታት ነግዶ ነው የቀየረው። ጀርመን ደግሞ ለዚህ ብላ መሰላል ሠርታለች። መደበኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር 25,000 ዩሮ ካፒታል ይፈልጋል፤ በ2008 ግን በ1 ዩሮ የሚጀመር ትንሽ ቅርጽ ፈጠሩ፣ በየዓመቱ ከትርፉ ሩቡን እያስቀመጠ 25,000 ሲሞላ ወደ ትልቁ እንዲሸጋገር።

መቀየር በነፃ ነው አላልኩም። ከአከራይ ጋር ያላችሁ ውል በእናንተ ስም ስለሆነ ወደ ኩባንያው እንዲዞር አከራዩ መስማማት አለበት። ፈቃድ እንደገና ይወጣል፣ ንብረት ሲተላለፍ ግብር ሊመጣ ይችላል፣ የቆየው ዕዳ ደግሞ በእናንተ ላይ እንዳለ ይቀራል። ጸሐፊው «ከባድ ነው» ቢሉ እስማማ ነበር። የረሱት ግን በተቃራኒው ያለውን ጉዞ ነው። ኩባንያን ከመክፈት መዝጋት ይከብዳል። አጣሪ፣ ለዕዳ ጠያቂዎች የሚወጣ ማስታወቂያ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ከመዝገብ መሰረዝ። የእኛን ለመዝጋት ከከፈትንበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ፈጅቷል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ምንም ሽያጭ ሳይኖር የዓመቱ ሒሳብ መግለጫ ይጠየቅ ነበር። አዲስ ንግድ ሙከራ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልጠቀሰው መንገድም አለ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር። በ1844 ሮችዴል የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ትንሽ ትንሽ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። የተዋጣው ገንዘብ ቢለያይም ለአንድ አባል አንድ ድምፅ አሉ። አሥር ሆነው አንድ ማሽን ለመግዛት ወይም ምርታቸውን አብረው ለመሸጥ ለሚያስቡ ሰዎች ከኩባንያም ከሽርክናም ሊሻል ይችላል። ውሳኔው ይዘገያል፣ ስብሰባው ይበዛል፣ ግን በምርጫ ዝርዝር ውስጥ መግባት ነበረበት።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። የትኛውን ቅርጽ እንደምትመርጥ ሳይሆን ሁለት ሌሎች ነገሮች ነው የጠየቅኳት። ይሄ ነገር ቢበላሽ ለማን ዕዳ ይኖርብሻል? ከማን ጋርስ ነው የምትሠሪው?

ለማንም ዕዳ የለባትም። መኪናው የእናቷ ነው፣ የስፌት መኪናው ማለቴ ነው፣ ጨርቁን የምትገዛው በእጅ በእጅ ነው፣ የምትሠራውም ቤት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ዝም አለች። «ከጓደኛዬ ጋር ነው፣ ግን እሷ የምትቆርጥልኝ ብቻ ናት።»

«በደሞዝ ነው በድርሻ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱን ገና አልተነጋገርንም።»

በራስሽ ስም ተመዝግበሽ ጀምሪ አልኳት። ሱቅ ስትከራዪ፣ በብድር ዕቃ መውሰድ ስትጀምሪ ወይም ሠራተኛ ሲበዛ ኩባንያውን ያኔ እናነሳዋለን፤ የግል ዋስትና የሚል ወረቀት ካየሽ ደግሞ ሳትፈርሚ ደውዪልኝ። ከጓደኛሽ ጋር ግን ዛሬ ማታ ተቀመጡና አንድ ገጽ ጻፉ።

ትናንት ገጹን በስልክ ላከችልኝ፣ በእጅ የተጻፈ። ስድስት ነጥብ አለው። አምስቱ ላይ ሁለቱም ፈርመዋል። አራተኛው፣ አንዷ ሥራውን ብትተው የልብስ መቁረጫ ቅርጾቹና የደንበኞቹ ስልክ ለማን ይቀራል የሚለው፣ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል፣ ከጎኑ ደግሞ በእሷ እጅ ጽሑፍ «እስከ ቅዳሜ» ይላል።